ቀለሙ ከምን ተሠራ? ከጁገል ግድግዳ እስከ ድሬዳዋ ዋሻ

ሐረር ላይ ስለ ቀለም መከራከር አዲስ ነገር አይደለም። ኢድ ሲቃረብ ይነሳል። ሰርግ ሲደገስ ይነሳል። የኮሪደር ልማት የሚባለው ሥራ በየከተማው ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ወሬው ጨምሯል። ጁገል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው የሐረር ከተማ፣ በምን ይቀባ? የጥንቱ ነጩ ነው ወይስ ሰማያዊውና ሮዙ? አንዱ «አያቶቻችን የሚያውቁት ኖራ ነው» ይላል። ሌላው በፎቶ ዓለምን የዞረው አረንጓዴና ሐምራዊ ግድግዳ ከጠፋ ሐረር ሐረር አትመስልም ባይ ነው።

ሁለቱም ወገን የሚያወራው ዓይን ስለሚያየው ነገር ነው። ያ ሰማያዊ ከምን እንደተሠራ፣ ምን ይዞት ግድግዳው ላይ እንደቆመ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። የግድግዳውን ዕድሜ የሚወስነው ግን ይሄኛው ጥያቄ ነው።

አማርኛችንም እዚህ ላይ ትንሽ ያታልለናል። ቀይና ቢጫ ቀለም ናቸው። ከሱቅ በጋሎን የሚገዛውም ቀለም ነው። ቁም ጸሐፊው በቀንድ የሚይዘው ጥቁር ፈሳሽ ቀለም ነው። ትምህርትም ሳይቀር ቀለም ነው፤ ነገር የማይገባውን ልጅ «ቀለም አልዘልቀው አለ» እንላለን። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ሲሸከም ክርክሩ ቢደናገር አይገርምም። «ቀለሙ ይቀየር» ሲባል መልኩ ነው ቁሱ?

ከሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ይህን የሚፈታ ቅርንጫፍ አለ። ሥዕሉ ምን እንደሚል ከመጠየቁ ጎን ለጎን ከምን እንደተሠራና እንዴት እንደተሠራ ይመረምራል። ቴክኒካዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ይባላል። የታሪክ ሰው፣ ኬሚስትና የጥገና ባለሙያ አንድ ሥዕል ከበው ይቀመጣሉ። የሩቅ አገር የሙዚየም ጣጣ ይመስላል። የሐረርና የድሬዳዋ አካባቢ ግን ለዚህ ጥናት ከብዙ ቦታ የበለጠ የሚሰጠው ነገር አለ።

ዱቄቱ፣ ማያያዣው፣ መደቡ

ማንኛውም ቀለም ሲፈታ ሁለት ነገር ይወጣዋል። አንዱ መልኩን የሚሰጠው ደቃቅ ዱቄት ነው። ፒግመንት ይሉታል። አፈር ሊሆን ይችላል፣ የተፈጨ ድንጋይ፣ ጥላሸት ወይም የፋብሪካ ውጤት። ሁለተኛው ዱቄቱን እርስ በርሱ አጣብቆ የሚይዘው ማያያዣ ነው። ከሥራቸው ደግሞ የሚቀቡበት መደብ አለ፤ ግድግዳ፣ እንጨት፣ ብራና፣ ወረቀት።

ያው ቀይ አፈር በውሃ ብቻ ቢለወስ ሲደርቅ እጅ ላይ ይራገፋል። በእንቁላል አስኳል ቢመታ ቴምፔራ ይሆናል። በተልባ ዘይት ቢታሽ የዘይት ቀለም ነው። እርጥብ ኖራ ላይ ቢቀባ ፍሬስኮ ይሆናል። መልኩ ያው ቀይ ነው። ጠባዩ ግን ለየቅል ነው፤ አንዱ ውሃ አይችልም፣ ሌላው ፀሐይ አይችልም፣ አንዱ ይሰነጠቃል፣ አንዱ መቶ ዓመት ይቆማል።

ይህን ችላ ማለት የሚያስከፍለውን ዋጋ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን ያህል ያሳየ የለም። ፍሬስኮ ችኮላ ይፈልጋል። ልስኑ ሳይደርቅ ተስሎ ማለቅ አለበት። ሊዮናርዶ ደግሞ ቀስ የሚል፣ የሚመላለስ ሰው ነበር። ስለዚህ ሚላን ላይ «የመጨረሻው እራት»ን በደረቅ ግድግዳ ላይ ሣለው። ቀለሙ ወደ ግድግዳው ስላልሰረገ ሰዓሊው ገና በሕይወት እያለ መላጥ ጀመረ። የመጨረሻው ትልቅ ጥገና ከ1978 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ድረስ ከ20 ዓመት በላይ ወሰደ። ጥበቡ ላይ ማንም ጥያቄ የለውም። የቀለሙና የግድግዳው ጋብቻ ነው ያልሠመረው።

የቁስ ጥናት የመጻሕፍትን ስህተትም ያርማል። የዘይት ቀለምን የፈለሰፈው የፍላንደርሱ ሰዓሊ ያን ቫን አይክ ነው የሚል ታሪክ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በጣሊያናዊው የሰዓሊዎች ታሪክ ጸሐፊ በቫሳሪ ተጽፎ ለረጅም ጊዜ ሲደገም ኖሯል። ነገር ግን በ12ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ቴዎፍሎስ የሚባል መነኩሴ በዘይት መቀባትን ገልጾ ጽፏል። በ2008 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ምርመራ ደግሞ በአፍጋኒስታን ባሚያን ዋሻዎች፣ በ7ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በተሠሩ የግድግዳ ሥዕሎች ላይ የሚደርቅ ዘይት አገኘ። ታሪኩን የለወጠው የሥዕሉ ፍርፋሪ ነው።

ከደቻቱ በላይ የተከማቸ ቀይ አፈር

ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ሲሉ፣ ከደቻቱ ሸለቆ ከፍ ብሎ ኮረብታው ላይ አንድ ዋሻ አለ። ፖርክ ኤፒክ ይባላል፤ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። በ1929 እ.ኤ.አ. ሁለት ፈረንሳዊያን፣ ቄስና ተመራማሪው ቴያር ደ ሻርዳንና ጸሐፊው ኦንሪ ደ ሞንፍሬ፣ ለጥናት ዓለም አስተዋወቁት። ለመጀመሪያ ጊዜ በ1933 ተቆፈረ፣ በ1970ዎቹ ደግሞ በስፋት። ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች አቤ ብሩይ የሚባሉት ፈረንሳዊ ቄስና ተመራማሪ ቀድተዋቸዋል።

የቁስ አጥኚዎችን ይበልጥ ያስደነቀው ግን ከግድግዳው ሥዕል ይልቅ መሬቱ ውስጥ የተገኘው ነው። 4,213 የኦከር ቁራጮች። ኦከር ብረት የበዛበት፣ ቀይ ወይም ቢጫ የሚሰጥ አፈርና ድንጋይ ነው። ሲመዘን 40 ኪሎ ገደማ ሆነ። ዕድሜው ወደ 40 ሺህ ዓመት ይጠጋል። የግድግዳው ሥዕሎች ከዚህ በጣም የቅርብ ናቸው። በ2016 እና በ2017 የወጡ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሰዎች እዚያ ቦታ ቢያንስ ለ4,500 ዓመት ኦከር ሲያመጡ፣ ሲፈጩና ሲጠቀሙ ኖረዋል። ልማድ ማለት ይሄ ነው።

መፍጫ ድንጋዮቹም ተገኝተዋል። ላያቸው ላይ የቀረው ዱቄት ሲመረመር ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ የላመ ነው፣ ሌላው ሸካራ፣ አንዱ ጠቆር ያለ፣ ሌላው ፈካ ያለ። ወፍጮ ቤት ቆሞ «ለእንጀራ ይላም፣ ለቂንጬ ይከካ» የሚል ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ለተለያየ ሥራ የተለያየ ዱቄት ያዘጋጁ ነበር ማለት ነው።

ከሁሉም አንዲት ጠጠር ትለያለች። ግማሽ ገላዋ ቀይ ነው፣ ግማሹ ባዶ። ቀይ ፈሳሽ ውስጥ ተነክራ የወጣች ትመስላለች። አጥኚዎቹ እንደ ማኅተም ሆና ቆዳ በመሰለ ለስላሳ ነገር ላይ ቀለም ለማተም አገልግላ ይሆናል ብለው ያስባሉ። ካልሆነም ቀለም ለማሸጋገር። በእጅ የምትያዝ ተራ ጠጠር ናት። ቀለም ተበጥብጦ ፈሳሽ ሆኖ ሥራ ላይ እንደዋለ የምትመሰክር ግን እሷ ነች።

እዚህ ላይ ምሁራኑ አይስማሙም። አንዳንዶች ኦከር የግድ ለማጌጫ አልነበረም ይላሉ። ቆዳ ያለፋል፣ ከማጣበቂያ ጋር ተቀላቅሎ የድንጋይ ስለት ከእጀታው ጋር ያያይዛል፣ ገላ ላይ ሲቀባ ከፀሐይ ይከላከላል። ሌሎቹ በጣም የላመና በጥቂት በጥቂቱ የተዘጋጀ ዱቄት ለሥርዓትና ለምልክት ካልሆነ ይህን ያህል ድካም አያስፈልገውም ባይ ናቸው። ለእኔ ሁለቱን ማጋጨት ብዙም አይጠቅምም። ዛሬም ሂና እጅ ያስጌጣል፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ ላይም ይደረጋል።

ነደባው ለምን ቀላ?

ከዋሻው ወጥተን ወደ ሐረሪ ቤት እንግባ። ጌይ ጋር በሚባለው ባህላዊ ቤት ውስጥ የሚገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩትን መቀመጫ መደቦች ነው። ነደባ ይባላሉ። በተለምዶ በቀይ አፈር ይቀባሉ። ግድግዳው ነጭ ነው፤ ላዩ ላይ ስፌትና ሳህን ተደርድሮበታል።

ስለዚህ ቀይ በስፋት የሚነገር ታሪክ አለ። በጥር 1887 እ.ኤ.አ. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይባላል። አሚር አብዱላሂ በምኒልክ ጦር የተሸነፉበት፣ ሐረር ነፃ ከተማነቷን ያጣችበት ቀን ነው። አስጎብኚዎች ይናገሩታል፣ ሽማግሌዎችም ይናገሩታል።

የቁስ ታሪክ ይህን ታሪክ ለማፍረስ አይመጣም። ሌላ ጥያቄ ያክልበታል። ቀይ አፈር በዚህ አካባቢ ከጨለንቆ በፊት ሺዎች ዓመታት የኖረ ቁስ ነው። ወለልና መደብ በቀይ አፈር መቀባትም አቧራን ይይዛል፣ ጭቃውን ያጠነክራል። ስለዚህ ሁለት ነገር አብሮ እውነት ሊሆን ይችላል። ቀለሙ ከጦርነቱ የቀደመ፣ ትርጉሙ ግን ከጦርነቱ በኋላ የመጣ። ሰው የቆየ ነገር ላይ አዲስ ኀዘን ማሳደር ያውቅበታል። በአሮጌ ቤቶች ነደባ ላይ የተደራረበውን ቀይ አንድ በአንድ መቁጠርና ከሥር ያለውን ማየት የሚቻልበት ዘዴ ስላለ፣ ጥያቄው በጭቅጭቅ ብቻ የሚቀር አይደለም።

ጥፍር የምታክል ቅርፊት

ዘዴው ይህን ይመስላል። በጁገል ጠባብ መንገድ ላይ ከግድግዳ ተላጦ የወደቀ ቅርፊት ያንሱ። ጥፍር ቢያክል ይበቃል። ጎኑን ወደ ብርሃን ያዙሩት። ከውጭ አረንጓዴ ይታያል። ከሥሩ ሰማያዊ። ከዚያ ነጭ፣ ነጭ፣ እንደገና ነጭ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ። መጨረሻ ላይ ጭድ የተቀላቀለበት የጭቃ ልስን። ባለሙያ ሲሠራው ቅርፊቱን ሙጫ ውስጥ አድርቆ፣ ቆርጦ፣ አለስልሶ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ለዓይን አንድ የሚመስሉት ነጮች ተለያይተው ይቆጠራሉ። ቤቱ ስንት ጊዜ እንደተቀባ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደተቀባ እዚያች ቅርፊት ላይ ተጽፏል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ክርክር እንመለስ። «ሰማያዊ የጥንት ነው ወይስ አይደለም» የሚለው ጥያቄ ራሱ ጎዶሎ ነው። የትኛው ሰማያዊ?

ሰው ሠራሽ አልትራማሪን የሚባለው ሰማያዊ ዱቄት በፈረንሳይ የተገኘው በ1820ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት አልትራማሪን የሚወጣው ከአፍጋኒስታን ከሚመጣ ላፒስ ላዙሊ ከሚባል ድንጋይ ነበር፤ ዋጋው ከወርቅ ጋር የሚተካከልበት ጊዜ ነበር። ፋብሪካው ሲጀምር ሰማያዊ የድሃም ሆነ። ነጭ ልብስ ሲታጠብ የሚጨመረው ሰማያዊ ዱቄት ከዚሁ ነበር የሚሠራው። ኖራ ውስጥ ጠብ ሲደረግ ግድግዳውን ሰማያዊ ያደርጋል። ከኖራም ጋር ይስማማል። በበርሊን በ1700ዎቹ መጀመሪያ የተገኘው የፕሩሲያ ሰማያዊ ግን ኖራ ያበላሸዋል፤ ቡናማ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ስለዚህ አንድ ሰማያዊ ግድግዳ ኖራ ሊሆን ይችላል። ፕላስቲክ ቀለምም ሊሆን ይችላል። ከአምስት ሜትር ርቀት ፎቶ ሲነሱ ልዩነት የላቸውም። ክረምት ሲመጣ ነው የሚለያዩት።

ኖራ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ እዚህ ላይ ይረዳል። የኖራ ድንጋይ ይቃጠላል። ከዚያ ውሃ ይጠጣል፣ እየፈላ ይፈርሳል። ግድግዳ ላይ ሲቀባ ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። የሚፈጥረው ሽፋን ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ውሃ ገብቶ ተንኖ ይወጣል። የጁገል ቤት ደግሞ ድንጋይና ጭቃ ነው። ከሥር እርጥበት ይስባል፣ ከላይ ዝናብ ያገኘዋል። መተንፈስ አለበት።

ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ ስስ የላስቲክ ልብስ ይሆናል። ውሃው ከጀርባው ይጠራቀማል። ጨው ይዞ ይወጣና ቀለሙ ሥር ይረጋል። መጀመሪያ ቀለሙ እንደ ፊኛ ያብጣል። ቀጥሎ ይላጣል፣ ሲላጥም ልስኑን ይዞ ይሄዳል። ግድግዳው በሲሚንቶ ከተለሰነ፣ በስቱኮ ከተስተካከለና ኳርትዝ የሚባለው ቀለም ከተቀባማ ጭራሽ ይብሳል። ሲሚንቶ ደረቅና ግትር ነው። ጭቃ ሲንቀሳቀስ አብሮ አይንቀሳቀስም። ድሬዳዋ ከኢጣሊያ ወረራ ዘመን ጀምሮ የሲሚንቶ ፋብሪካ ያላት ከተማ ስለሆነች ሲሚንቶ ለሐረር ሩቅ ሆኖ አያውቅም። ለአዲስ ብሎኬት ቤት ጥሩ ነገር ነው። ለሦስት መቶ ዓመት የጭቃ ግድግዳ ግን ጠባዩ አይገጥምም።

የቤቱ ባለቤት ወገን ደግሞ መደመጥ አለበት። ኖራ ልብስ ላይ ይራገፋል። በየዓመቱ መደገም አለበት። በጥብጦ መቀባት የሚያውቅ ሰውም እየጠፋ ነው። ጋሎን ቀለም ግን ሱቅ ተገዝቶ፣ በሮለር ተስቦ፣ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ሲቆሽሽም ይታጠባል። ልጅ የሚያሳድግና ኪራይ የሚያከራይ ሰው ይህን ቢመርጥ ሞኝ አይደለም። «ቅርስ ነውና ኖራ ቀባ» ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው። ኖራውን ማን ያቅርብ፣ ማን ይቀባ፣ በየዓመቱ ማን ይክፈል የሚለው ነው ከባዱ።

ወረቀቱን ወደ መስኮት ያዙሩት

ሐረር የምትነበበው በግድግዳዋ ብቻ አይደለም። በቀድሞው የራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ያለው፣ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ያቋቋሙት ሙዚየም በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት ስብስቡ ይታወቃል። መሥራቹ የተጎዱ መጻሕፍትን መጠገንና በጥንቱ አጣጣል በቆዳ መደጎስ ጭምር ሠርተዋል።

የእነዚህ መጻሕፍት የመጀመሪያ ምስክር ወረቀቱ ነው። የደጋው ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ በብራና፣ ማለትም በአብዛኛው በፍየል ቆዳ ላይ ይጻፋል። የሐረር ቁርኣንና ኪታብ (የሃይማኖት መጽሐፍ) በወረቀት ነው። ወረቀቱ ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ገጹን ወደ መስኮት ሲያዞሩት በአንዳንዱ ላይ ሦስት ጨረቃ ተርታውን ይታያል። በወረቀቱ ሥጋ ውስጥ ያለ የፋብሪካ ምልክት ነው፣ የውሃ ምልክት ይባላል። ጣሊያኖቹ «ትሬ ሉኔ» ይሉታል፤ ሦስት ጨረቃ። በቬኒስ አካባቢ ለኦቶማን ገበያ ይሠራ የነበረ ወረቀት ነው። የክርስቲያን አገር ፋብሪካ ለሙስሊም ገበያ ጨረቃ አትሞ ይልካል፣ ወረቀቱ ባሕሩን ተሻግሮ ሐረር ገብቶ ቁርኣን ይጻፍበታል። ንግድ እንዲህ ነው።

አጻጻፉ ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጠቁማል። ለንደን በሚገኘው የኻሊሊ ስብስብ ውስጥ በ1749 እ.ኤ.አ. ሐረር የተጻፈ ቁርኣን አለ። የፊደሉ አጣጣል በሕንድ ቢሃሪ የሚባለውን ስልት ይመስላል። ከቬኒስ የሚመጣው ወረቀትና ከሕንድ የሚመጣው የፊደል ቅርጽ የተገናኙት የሐረር ጸሐፊ እጅ ላይ ነው። ሐረር ተዘግታ የኖረች ከተማ ነበረች የሚለውን የተለመደ አባባል እነዚህ ገጾች በደንብ አጠያያቂ ያደርጉታል።

ጥቁሩ ቀለም ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከጥላሸትና ከሙጫ የሚሠራ ነው። ከመደቡ ላይ ይቀመጣል እንጂ ብዙም አይሰርግም። ቁርኣን ቤት ልጆች ሎሕ በሚባል የእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ ሲሸመድዱ አጥበው፣ እንደገና የሚጽፉት በዚህ ጠባዩ ነው። ሁለተኛው ከብረት ጨውና ታኒን ካለው ተክል የሚሠራ ነው። ሲጻፍ ፈዘዝ ይላል፣ ሲውል ሲያድር ይጠቁራል፣ ውስጥ ይገባል። በረጅም ጊዜ ደግሞ ወረቀቱን ይበላል። ፊደሉ ባለበት ቦታ ገጹ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ይህን ሳያውቁ መጽሐፍ መጠገን አደገኛ ነው። የመጀመሪያውን እርጥበት ያጥበዋል። ሁለተኛውን እርጥበት መብላቱን ያፈጥንለታል።

ብርሃንም ጠላት ነው። የቪንሰንት ቫን ጎህ ታዋቂ የመኝታ ክፍል ሥዕል በ1888 እ.ኤ.አ. ሲሣል ግድግዳው ሐምራዊ ነበር። ቀዩ ማቅለሚያ በብርሃን ስለጠፋ ዛሬ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። በሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስፌትም ይኸው ይደርስበታል። ፊቱ የደበዘዘ የቆየ ስፌት ሲያገኙ ገልብጠው ጀርባውን ይዩት። ብርሃን ያላገኘው ጎን ስፌቱ ሲጠናቀቅ የነበረውን መልክ ይዞ ይገኛል።

የራምቦ ፎቶዎችና የሐረር ውሃ

ቁስ ከቦታ ጋር ሲጋጭ ምን እንደሚሆን አንድ አጭር ምሳሌ ይኸው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ግጥሙን ትቶ በሐረር የቡናና የቆዳ ነጋዴ ነበር። ካሜራ አስመጣ። በግንቦት 1883 እ.ኤ.አ. ለቤተሰቡ የራሱን ፎቶዎች ሲልክ ይቅርታ አክሎበታል። ፎቶዎቹ የነጡት ለማጠቢያ በተጠቀመበት መጥፎ ውሃ እንደሆነ ጻፈ። የዚያ ዘመን ፎቶ ወረቀት ኬሚካሉ በደንብ ካልታጠበለት ምስሉ እየደበዘዘ ይሄዳል። እነዚያን ብዥ ያሉ ምስሎች አይቶ «የምስጢራዊ ሰው ድባብ» የሚጽፍ አለ። ሰውዬው ራሱ ውሃው ነው ብሏል።

ዛሬ የራምቦ ቤት የሚባለው ባለቀለም መስኮት ያለው፣ ጣሪያው የተሣለ የእንጨት ቤትም እንዲሁ ነው። ራምቦ የሞተው በ1891 ነው። የቤቱ ሥራ ከዚያ በኋላ የመጣ የሕንድ ነጋዴ አሠራር ነው። ስሙ አንድ ይላል፣ እንጨቱና መስታወቱ ሌላ።

መሣሪያው የሚችለውና የማይችለው

የቁስ ጥናት ስሙ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ማጭበርበር ሲጋለጥ ነው። ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ቤልትራኪ በ1914 ተሣለ ያለውን ሥዕል የሰዓሊው የካምፔንዶንክ ነው ብሎ አሸጠ። ሥዕሉ ውስጥ ቲታኒየም ነጭ ተገኘ። ይህ ነጭ ለሰዓሊዎች መሸጥ የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ1920ዎቹ ገደማ ነው። ቤልትራኪ በ2011 በኮሎኝ ፍርድ ቤት ተፈረደበት። በነገራችን ላይ ሐረር ተወልዶ ያደገው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሥዕል የተማረው በዚሁ በኮሎኝ ከተማ ነው። አባቱ የብራና መጻሕፍት የሚያስጌጡ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። በአንድ ትውልድ ውስጥ ከብራናና ከቀለም ቀንድ ወደ ሸራና ዘይት ቀለም የተደረገ ጉዞ ነው፤ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል ታሪክ በቁስ በኩል ቢጻፍ ከዚህ ቤት ሊጀመር ይችላል።

ያው ቲታኒየም ነጭ ዛሬ በምንገዛው ጋሎን ውስጥ ሁሉ ማለት ይቻላል አለ። ስለዚህ ለጁገልም ይሠራል። ከግድግዳ የተነሳው ቅርፊት ውስጥ የትኛው ሽፋን ላይ ቲታኒየም እንደሚጀምር ከታወቀ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ዕድሜው ቢበዛ መቶ ዓመት ገደማ ነው ማለት ነው። ንጥረ ነገሮችን በኤክስሬይ የሚለይ፣ በእጅ የሚያዝ መሣሪያም አለ። ቅንጣት ሳይነካ ብረት ነው፣ እርሳስ ነው፣ ቲታኒየም ነው ብሎ ይናገራል።

ነገር ግን ላብራቶሪ የሚያረጋግጠው «አይደለም»ን እንጂ «ነው»ን አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተሣለ የሚባል የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ሰው ሠራሽ አልትራማሪን ቢገኝ ያ ሰማያዊ የቆየ አይደለም። ሥዕሉ ግን የቆየ ሆኖ በኋላ የታደሰ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ይህን አይፈርድም፤ ታሪክ የሚያውቅ ዓይን ያስፈልጋል።

ከዚህ የጠለቀ ተቃውሞም አለ። ታቦት ያለበት ቤት ሥዕልና የሚቀራበት ቁርኣን የምርመራ ናሙና አይደለም የሚል። ይህን እንደ ኋላቀርነት ማየት ስህተት ነው። ናሙና መውሰድ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ መቁረጥ ነው። የተወሰደው ወደ ውጭ ሄዶ ውጤቱ ለባለቤቱ ሳይነገር የሚቀርበት አጋጣሚ ካለ ቅሬታው የሚጠበቅ ነው። ሳይነኩ የሚመረምሩ መሣሪያዎች ይህን ያቀልላሉ። ፈቃድንና ውጤትን መልሶ ማካፈልን ግን አይተኩም።

ቀጥሎ ምን ሊሆን ይችላል?

ሐረር ጁገል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። የዓለም ቅርስ ትክክለኛነት የሚመዘንበት የ1994ቱ የናራ ሰነድ ከቅርጽ ጎን ለጎን ቁስንና ባህላዊ አሠራርን ይዘረዝራል። ስለዚህ መልኩን ጠብቆ ቁሱን መቀየር ነገሩ አልተነካም ማለት አይደለም።

ትልቁ ሥጋት ቀለም መቀባቱ ላይሆን ይችላል። መፋቁ ነው። አዲስ ቀለም እንዲይዝ ተብሎ አሮጌው በብረት ሲፋቅ፣ የሁለትና ሦስት መቶ ዓመት ሽፋን በግማሽ ቀን ከመሬት ይወድቃል። ተጠርጎ በጆንያ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ነጭ ነበር ሰማያዊ ነበር የሚለው ክርክር ለዘላለም ክርክር ሆኖ ይቀራል፤ መልሱ ያለው እዚያ ጆንያ ውስጥ ነበርና። በላዩ ላይ ፕላስቲክ ቀለም ከተቀባ ለምረቃው ያምራል። ጥቂት ክረምት ሲያልፍ ማበጥ ይጀምራል፤ እንደገና መፋቅ፣ እንደገና መቀባት ይመጣል።

ሌላ መንገድም አለ። የፈለጉትን መልክ፣ ሰማያዊም አረንጓዴም፣ ከኖራ ጋር በሚስማማ ዱቄት መሥራት ይቻላል። ስለዚህ የቀለም ግድግዳ ወዳጆችና የኖራ ወዳጆች የግድ መጣላት የለባቸውም። ለመኖሪያ ቤት ውስጥ ለውስጥ ባለቤቱ የፈለገውን ይቀባ፤ ለዝናብና ለእርጥበት የተጋለጠው የውጭ ግድግዳ ላይ ነው ቁሱ የሚወስነው።

ብረቱ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ አንድ ሥራ አለ። ከበሩ ጀርባ ወይም ከጥግ፣ መዳፍ የሚያክል ቦታ ሳይፋቅ መተው። ከወደቁት ቅርፊቶችም ጥቂቱን ፖስታ ውስጥ ከትቶ የቤቱን፣ የግድግዳውንና የቀኑን ስም በእርሳስ መጻፍ። በእርሳስ፤ ቢክ ይደበዝዛል።